ስንቅ ይዞ የሚመጣ እንግዳ

ባለፈው ሰሞን ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ በሲቀላ መናኸሪያ በኩል ሳልፍ፣ ድሮ ካሴት ቤቱ የነበረበት ጥግ ላይ አንድ መንገደኛ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን ከፌስታል ያወጣል። ትኩስ ዳቦ ነው፤ በመሃሉ የተጠበሰ አሳ አለበት። ዳቦው በአሳው ዘይት ርሶ፣ ሎሚ ነክቶት፣ ሽታው ከአውቶቡሱ ጭስ በላይ ሄዶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ሰውየው "ብይ እናቴ" አለኝ፤ ምሳውን አፍጥጬ ሳየው ቆይቼ ኖሯል። አፍሬ መንገዴን ቀጠልኩ፣ ሽንኩርቱን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ። ልጄ "እማዬ፣ የት ቆየሽ?" ብትለኝ "ሐይቅ ላይ" አልኳት። ለምዳኛለች። እናንተ ግን አልለመዳችሁኝምና ልንገራችሁ።

ያኔ ምግብ ቤት ነበረኝ። ምግብ ቤት ማለቴ አራት ጠረጴዛ ነው፤ ጽጌረዳ የታተመበት ላስቲክ የለበሰ፣ የአንዱ እግር አጥሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተደረገለት። አሳ ጉላሽ በስምንት ብር፣ ለብለብ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር በአሥር፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ሎሚውን ብቻ ከሰጡሽ ተመስገን በዪ። ባጃጅ ገና መግባቱ ነበር። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን ሲወጣ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል፤ እኛም አዲስ ነገር ሆኖብን ጉዳይ ሳይኖረን ተሳፍረን እንወጣለን፣ ተሳፍረን እንወርዳለን። ካሴት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። በሥራ ቀን የጋሞ ጭፈራ ይለቅቃል፣ እሑድ መዝሙር። እኔ የመዝሙሩ ወገን ነኝ። በሥራ ቀን ግን እግሬ ከጠረጴዛው ሥር የየትኛውን ምት ሲከተል እንደሚውል እግዚአብሔርና ድስቶቼ ያውቃሉ።

የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነኝ። ከዚያ ጭጋግ ወደዚህ ሙቀት በትዳር ስወርድ ጋቢዬን ተከናንቤ ነበር የመጣሁት፤ መናኸሪያው ላይ አወለቅሁት፣ ያው እንዳወለቅሁት ነው። ትምህርት ቤትን ደጁን እንጂ ውስጡን አላውቀውም። ፊደል የለየሁት ስኳርና በርበሬ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ያነበብኩት ከመሃል ጀምሬ ነው፤ ወሬም ከመሃል ትጀምሪያለሽ ይሉኛል። ይሁን፤ መሃሉ ነው የሚጣፍጠው።

ከደንበኞቼ አብዛኞቹ የመንግሥት ቢሮ ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ብዙ ኪስ ያለው ጃኬት መልበስ፣ ሞባይልን በቆዳ ማኅደር አድርጎ ከቀበቶ ላይ ማንጠልጠል ትልቅ ሰውነት ነበር። ስልኩ የሚደወልለት ከሆነማ ምግብ ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል። ከነዚያ መሃል አቶ ሙሉጌታ የሚባሉ ነበሩ፤ ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ። የአባያ ሐይቅ ዳርቻና በመሃሉ ያለች የአንዲት ደሴት ቀበሌ ጉዳይ የተሰጠው ለሳቸው ነው። ወደ ደሴቷ በሚሄዱ ጊዜ ሁሉ ከዋዜማው ለራሳቸውና ለባልደረቦቻቸው ምሳ ያዙኛል፤ ዳቦ በአሳ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ። ውሃው ሳይቀር ከከተማ ይሄዳል።

ምክንያት ነበራቸው። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው። ከሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ በየሄዱበት በግ ሲያሳርዱ ከርመው፣ አንድ ቀን ትልቅ ስብሰባ ላይ ስለ ልማት ሲናገሩ አንድ ገበሬ ከኋላ እጁን አወጣ ይባላል። "ጥያቄ አለኝ። ቡራቡሬው በጌስ?" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰውየውም ከዚያ ወንበር ወርደው ሩቅ ወረዳ ተላኩ። አቶ ሙሉጌታ በቦታቸው ሲተኩ የመጀመሪያ ቃላቸው "ከሕዝብ ጠብታ ውሃ አልቀበልም" የሚል ነበር። ቃላቸውንም ጠበቁ። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ የጠበቁትም ለጥሩ ነው። ቀሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቦጋለች ደግሞ አሳ የምታመጣልኝ የደሴቷ ሴት ናት። አባያ ላይ ካሉት ደሴቶች የአንዷ ተወላጅ። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ከኔ ጋር ግን በጋሞኛ እንግባባለን፣ አማርኛም እንደ ነገሩ ትችላለች። ቅርጫቷን ሳታወርድ መጀመሪያ ወገቤን ትለካለች፤ "ዛሬም ጨምረሻል ጥሩነሽ፣ አሳዬን ለደንበኛ ትሸጫለሽ ወይስ ራስሽ ትጨርሺዋለሽ?" ትለኛለች። እኔም ከሲታ ሰው የሚያመጣው አሳም ከሲታ ነው እላታለሁ። እንዲህ ስንባባል ነው የምንውለው። አንድ ቀን ግን ሳትለካኝ ገባች። ልጇ ታደለች እንደገና አርግዛለች።

ይህ ለሌላው ደስታ ነው። ቦጋለችን ግን ቅርጫቷን እንደያዘች አስቀመጣት። ባለፈው እርግዝና ታደለች ምጥ የያዛት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አባያ የነፋሱ ነው። ያቺ ቀላል ታንኳቸው በዚያ ማዕበል አትወጣም። ነፋሱ እስኪያርፍ ዳር ላይ ጠብቀው፣ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ልጁ በሕይወት አልነበረም፤ እሷም ለጥቂት ተረፈች። አሁን ያው ውሃ፣ ያቺው ታንኳ።

በዚያው ሰሞን ምግብ ቤቴ ውስጥ የሚወራው ስለ አንዲት ባለ ሞተር ጀልባ ነበር። ቢሮው ለበሽተኛና ለወላድ ማመላለሻ የምትሆን አንዲት ጀልባ አግኝቷል። የደሴቷ ሕዝብ መክሮ፣ ጠባቂ መርጦ፣ "እንፈልጋታለን፣ እንዲህ አድርገን እንይዛታለን" ካለ ለደሴቷ ትሰጣለች። ካላለ በሐይቁ ዳር ያለ ሌላ ቀበሌ ጠይቋል። አቶ ሙሉጌታ ለዚሁ ተመላልሰዋል። ሄደው ይናገራሉ፣ ሕዝቡ ሾላ ሥር ተቀምጦ ውሃ ውሃውን ያያል፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም። እረፍት ይባላል፣ እነ አቶ ሙሉጌታ ዞር ብለው ሌላ ዛፍ ሥር ምሳቸውን ይበላሉ፣ ይመለሳሉ፤ አሁንም ዝም። ነፋስ ሳይነሣ ይሳፈራሉ። "ሕዝቡ ተሳትፎ የለውም፤ ጀልባዋን የፈለጋት አይመስለኝም" ይሉ ነበር፣ ጉላሻቸውን እያቀዘቀዙ። የሚቀጥለው ስብሰባ የመጨረሻው እንዲሆን ተወስኗል።

ይህን ሰምቼ ቦጋለች ስትመጣ ያዝኳት። ልጅሽ እንዲህ ሆና፣ ጀልባ ደጃችሁ ድረስ መጥታ፣ አፋችሁን ምን ዘጋው አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ።

"ስንቅ ይዞ ለመጣ ሰው ማን መልስ ይሰጣል?"

"ስንቅ ቢይዝስ?"

"በኛ አገር እንግዳ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። የራሱን እህል ቋጥሮ መጥቶ ዞር ብሎ የሚበላ፣ የተጣላ ሰው ነው። በደሉን ሊናገር ነው የመጣው። እሱን እስኪናገር ሌላ ነገር አይወራም፤ ነውር ነው። ያንቺ ሰውዬ ውሃችንን እንኳ አልቀመሰም እኮ ጥሩነሽ። አዝኖብናል።"

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ስንቁን ማን እንደሚሠራው ትዝ አለኝ። ያን ዳቦ የምጋግረው እኔ፣ አሳውን የምጠብሰው እኔ፣ ውሃ እንዳይነካው ሁለት ፌስታል ደርቤ የምቋጥረው እኔ። ያ አሳ ደግሞ የቦጋለች አሳ ነው፤ ከደሴቷ ወጥቶ፣ ዳቦ ውስጥ ገብቶ፣ ጥል ሆኖ ተመልሶ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

በማግሥቱ አቶ ሙሉጌታ ለምሳ ሲመጡ ትዕዛዛቸውን ሳይጨርሱ አቋረጥኳቸው። የመጨረሻው ስብሰባ ምሳ እንደ ድሮው አይሠራም አልኳቸው።

"አሞዎታል እንዴ ወይዘሮ ጥሩነሽ?"

"አላመመኝም፤ ጨክኜ ነው" አልኩና ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። ሹካቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ሞኝ አልነበሩም፤ ገና ሳልጨርስ ነው የገባቸው። ከገባቸው በኋላ ግን ፊታቸው የባሰ ጠቆረ። በልቼ ብመለስ ነገ በግምገማ ምን እላለሁ፣ አንድ ጊዜ ከበላሁ ከማንኛውም በግ ጋር ስሜ ሲነሣ ይኖራል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ሌሊቱን አስቤበት ነበር። ስንቁን እሠራለሁ፣ ራሴም ይዤው እሄዳለሁ። እነሱም ያላቸውን ያቅርቡ። አንድ ላይ ይዘርጋ፣ እርስዎ ከነሱ ሲቀምሱ እነሱም ከእርስዎ ይቀምሳሉ አልኳቸው።

"ያን ጊዜ አብሯቸው በላ ይባላል እንጂ በላባቸው አይባልም። የሚል ከመጣ እኔን ይጥሩኝ፤ የዳቦውን ቀለም ሳይቀር ተነሥቼ እመሰክራለሁ።"

ጥርሳቸውን ያየሁት የዚያን ቀን ነው። የላይኛው ትንሽ ገባ ያለ ነው፤ ለዚያ ይሆናል የማይስቁት።

አሁን ስለ ጀልባው ጉዞ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ደጋ ተወልጄ ውሃ የማውቀው በእንስራ ነው። በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የተሸመነ ዱንጉዛ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አዲስ የላስቲክ ጫማዬን አድርጌ እንደ ሠርገኛ ነበር የተሳፈርኩት። አባያ ደግሞ የሸክላ ጭቃ የተበጠበጠበት ይመስል ቀይ ነው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አያሳይም። ጉማሬ አጠገባችን እንፍ ብሎ ብቅ ሲል መዝሙር ጀመርኩ፤ ሁለት ሦስቱን ባንድ ዜማ ቀላቅዬ። አቶ ሙሉጌታ አጠገቤ ማኅደራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል፣ እኔ የዳቦውን ቅርጫት። ማን የበለጠ እንደፈራ ቀዛፊውን ብንጠይቅ ይነግረን ነበር፤ አልጠየቅነውም።

ሰው ቀድሞ ተሰብስቧል። ከሾላው ሥር ሽማግሌዎቹ፣ በስተግራ ሴቶቹ። ከሁሉ ፊት የተቀመጡት አቶ ዳንሳ፣ የደሴቷ ታላቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠጉራቸው እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ዱንጉዛ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ የሳሳ። ዓይናቸው ቀጥታ ቅርጫቴ ላይ ወረደ። እኔና ቦጋለች ቀድመን ተማክረናል። እነሱ አሳ ጠብሰዋል፣ ከበቆሎ ሊጥ የተድቦለቦለ ኩርኩፋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር አፍልተዋል። ያንን አምጥተን ዘረጋነው፤ የኔን ዳቦና እንቁላል ከመሃሉ በተንነው፣ የማን የትኛው እንደሆነ እስኪጠፋ። አቶ ሙሉጌታ ዳቦ ቆርሰው መጀመሪያ ለአቶ ዳንሳ ሰጡ። ሽማግሌው ተቀበሉ፤ አልበሉም፤ ይዘው ጠበቁ። አቶ ሙሉጌታ አሳ አነሡ። እሾኩን አውጥተው ጎረሱ። ያ ሁሉ ሰው ጉሮሯቸውን ነበር የሚያየው፤ እኔም አየሁ። ሲውጡ ሽማግሌው ዳቦውን አፋቸው አደረሱ። ከዚያ ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ።

ሲበላ ማንም ቁም ነገር አያነሣም። ልጆች ሙዙን ተሻሙ፣ እንቁላሉ አለቀ። እጅ ከታጠበ በኋላ አቶ ዳንሳ ተናገሩ፤ ቦጋለች ተርጓሚ ናት። በቦጋለች አማርኛ "እርስዎ" የሚባል ነገር የለም፤ ለሚኒስትርም ቢሆን "አንተ" ነው።

"አሁን በልተሃል። እንግዲህ ንገረን፤ ምን በደልንህ?"

አቶ ሙሉጌታ ማንም አልበደለኝም አሉ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከመሃላችን የሰደበህ እንዳለ መረመርን። ጀልባህን የነካ እንዳለ ልጆቹን ሳይቀር ጠየቅን። አላገኘንም። ጥፋታችንን ባናውቀውም ካሳውን አዘጋጀን። መጀመሪያ ውሃችንን ሳትቀምስ የሄድክ ዕለት ነው ያሰርናት።"

በእጃቸው ከሾላው ጀርባ አሳዩ። አንዲት ቀይ ጊደር ታስራለች፤ አንገቷ ላይ የእርቅ ምልክት እርጥብ ሣር። ስንመጣ እኔም አይቻታለሁ፤ ከብት ናት ብዬ አልፌ ነበር። አቶ ሙሉጌታ እያንዳንዱ ስብሰባ ላይ አይተዋታል። ያቺ ጊደር በየስብሰባው ሳር እየተቀየረላት "ምን አጠፋን?" ብላ ስትጠብቃቸው፣ እሳቸው ደግሞ "ተሳትፎ የለም" እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል።

የዚያን ቀን አቶ ሙሉጌታን ወደድኳቸው። ምክንያት አልደረደሩም። ያቀረቡላቸውን ወንበር ትተው ከሽማግሌው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ የአንገታቸውን ቁልፍ ፈቱ፣ የቡራቡሬውን በግ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯቸው። ኃላፊው እንዴት እንደ በሉ፣ ገበሬው እንዴት እጁን እንዳወጣ፣ እሳቸውም ፈርተው እንዴት ጠብታ ውሃ አልቀምስም እንዳሉ። ቦጋለች እየተረጎመች በጉ ላይ ስትደርስ በራሷ ሳቅ ተሰናከለች፤ ሌላ ሰው ሊጨርስላት ነበር። ሳቁ ከሴቶቹ ጀመረ፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሲደርስ አቶ ዳንሳ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ታዲያ እሱ በበላው አንተ ትራባለህ?" አሉ።

ከዚያማ ማን ያቁመው። የከረመው ሁሉ ወጣ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነገር ተነሣ፣ ክትባት ሊሰጡ መጥተው ወንዶቹ ሐይቅ ላይ ሳሉ የተመለሱት ሰዎች ነገር ተነሣ። አቶ ሙሉጌታ ይጽፋሉ፤ ላባቸው ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ስለ ጀልባዋ ሲመጣ ግን ከሴቶቹ መሃል ታደለች ተነሣች። ሆዷ ገፍቷል። እሷ ትምህርት ቤት ገብታለችና አማርኛዋ ተርጓሚ አያስፈልገውም።

"ጀልባዋ ማዶ፣ ቢሮው አጠገብ ታድራለች ብላችኋል። እኔ ምጥ ሲይዘኝ ማን ዋኝቶ ይጠራታል?"

እቅዱ እንደዚያ ነበር፤ ለጥበቃ እንዲመች። አቶ ሙሉጌታ እቅዱን አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ "እናየዋለን" ይላሉ። እሳቸው "ይህን ብቻዬን መወሰን አልችልም። መልሱን ግን፣ እምቢም ቢሆን፣ ሌላ ሰው ሳልልክ እኔው አመጣዋለሁ" አሉ። ያኔ አቶ ዳንሳ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሁለት ጎልማሶች ሄደው ጊደሯን ፈቷት። እሷም ነፃነቷን ሳታምን ትንሽ ቆመችና ወደ ሣሩ ሄደች። እኛም ወሬ ሲጥመን ነፋሱ ተነሥቶ ኖሮ ስንመለስ የዘመርኩትን ባልነግራችሁ ይሻላል።

አቶ ሙሉጌታ መልሱን ይዘው ወደ ደሴቷ ተመለሱ። አብረው በሉ፣ ከበሉ በኋላ ተናገሩ፤ ጀልባዋ ደሴቷ ላይ ታድራለች፣ ነጂውም ከራሳቸው ልጆች አንዱ ሠልጥኖ ይሆናል። ነዳጁ ግን ከከተማ በየወሩ ነው የሚላከው፤ እሱን ለማስለወጥ ሞክሬ አልሆነልኝም አሉ። ቦጋለች እንደነገረችኝ ሰው ያመሰገናቸው ለተገኘው ብቻ አይደለም፤ አልሆነልኝም ስላሉም ነው። እንዲህ ብሎ መጥቶ የነገራቸው አልነበረም።

ዛሬ ስብሰባ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ሆኗል፤ ግድግዳ ላይ ሥዕል ይበራል፣ የታሸገ ውሃ በየሰዉ ፊት ይደረደራል። መጥፎ ነው አልልም። እኔ ግን አዳራሽ በገባሁ ቁጥር የምቆጥረው አብሮ የሚበላውን ነው። ልጄ "እማዬ፣ ስብሰባ በሆድ ነው እንዴ?" ትለኛለች። በሆድም ነው ልጄ።

ወደ ያኔው ልመለስ፤ ታደለች ምጥ ሲይዛት አሁንም ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አባያም እንደ ልማዱ ተነሥቷል። ጀልባዋ ግን ሞተር አላት። ወሬው በስልክ ደርሶኝ ዳር ላይ ባጃጅ አቁሜ ስጠብቅ ከቀዩ ማዕበል መሃል ስትመጣ አየኋት፤ አንዴ ትጠፋለች አንዴ ትወጣለች፤ ቦጋለች ከኋላ ሆና ልጇን በሁለት እጇ ይዛለች። ሁለቱም ርሰዋል። ታደለች እንሸከምሽ ሲሏት እምቢ ብላ በእግሯ ወረደች። ሐኪም ቤት በደረስን በጥቂት ጊዜ ሴት ልጅ ወለደች፤ የልጅቷ ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው። ቦጋለች እዚያው ጨፈረች፤ ነርሷ ልታስወጣት መጥታ እሷም ቆማ አጨበጨበች።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ታደለች ሕፃኗን አዝላ ምግብ ቤቴ ከች አለች፤ ከንፈሯ በንዴት ደርቋል። የወሩ ነዳጅ ቀርቷል። ጀልባዋ ቆማለች፤ ደሴቷ ላይ ደግሞ ወሯ የገባ ሴት አለች። ቢሮውን አሳይኝ አለችኝ። ሽርጤን ፈትቼ ተከተልኳት፤ እኔ ልመራት እኮ ነበር፣ እሷ ግን ፊት ፊት ሄደች። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ቀጠሮ ሲላት አልሰማችውም። አቶ ሙሉጌታ ከባልደረባቸው ጋር ወረቀት ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ጀመረች፤ ቃል የተገባው በወሩ መጀመሪያ ነው፣ ወሩ እያለቀ ነው፣ ምጥ የቢሮ ሰዓት አያውቅም። ድምፅዋ ከኮሪደሩ ሰው ጠራ።

ባልደረባቸው ተቆጣ፤ ሕዝብ አገልግሎት ሲጠይቅ በሥርዓት ነው፣ እነዚህ የደሴት ሰዎች አፍ አወጡ አለ።

ታደለች መልስ አልሰጠችውም። ለባለጉዳይ የተቀመጠውን ወንበር ስባ አቶ ሙሉጌታ ፊት አደረገችው፣ ተቀመጠች፣ ልጇን ከጀርባዋ አዙራ ጡቷን አጎረሰቻት።

"ነዳጁ እስኪመጣ እዚህ ነኝ" አለች።

አቶ ሙሉጌታ ባልደረባቸውን በእጃቸው አስቆሙት። ያቺ ገባ ያለች ጥርሳቸው ብቅ አለች።

"ተዋት፣ ትቆጣኝ። እኔ የምፈራው ዝም ሲሉኝ ነው።"

ወረቀቱን አጠፉና ነዳጁን ሊያስቀዱ ራሳቸው ወጡ።